የእናቷን ስም አንጓዋ ላይ

“ታቱ መነቀስ ኃጢአት ነው ወይ?” የሚል ጥያቄ ከወጣቶቻችን በየጊዜው ይመጣል። እኛ ጊኒር ያለን አማኞች ንቅሳትን ከሩቅ አገር እንደመጣ ነገር ልናየው አንችልም። ወላጆቻቸው ከሸዋ ወይም ከወሎ ከመጡት እናቶቻችን መካከል ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ዙሪያ መስመር፣ ድዳቸው ላይ ሰማያዊ ንቅሳት ያላቸው አሉ። ገና ልጆች ሳሉ በመርፌ ወይም በእሾህ ተወግተው፣ ጥላሸት ታሽቶባቸው የቀረ ነው። አንዱ ለውበት፣ አንዱ ክርስቲያንነቷ እንዲታወቅ፣ አንዱ ደግሞ ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ። ጌታን ተቀብለው ሲጠመቁ “መጀመሪያ ንቅሳትሽን አጥፊ” ያላቸው ሰው የለም። ዛሬ የእህቶችን ጸሎት የሚመሩት እነሱ ናቸው።

የልጆቻቸው ታቱ ግን ሌላ ነው። ያኔ ቤተሰብና መንደር በልጅቱ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ ወጣቱ ስለ ራሱ ይጽፋል። “እኔ ማን ነኝ?” ለሚለው ጥያቄ በቆዳው ይመልሳል። (ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሠርግና ለበዓል የሚቀቡት ሂና በሳምንታት ይለቃል። ታቱ ግን የሃያ ዓመት ስሜትን እስከ ስልሳ ዓመት ያቆያል።)

ሮቤ፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት እህታችን እናቷን ካጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የእናቷን ስም የእጇ አንጓ ላይ ልትነቀስ አስባ ምክር ጠየቀችን። ግንባራቸው ላይ መስቀል ከነበራቸው እናቶች አንዷ የእሷ እናት ነበሩ።

ዘሌዋውያን 19፥28ን አብረናት አነበብን። ቁጥሩ የሚጀምረው ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥን በመከልከል ነው፤ ንቅሳትን የሚያነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ይህን ለመረዳት እኛ የማብራሪያ መጽሐፍ አያስፈልገንም። ለቅሶ ላይ ፊታቸውን የነጩ፣ ደረታቸውን የደቁ ሴቶችን እያየን አድገናል። እግዚአብሔር ሕዝቡን ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሱ ሲል ማልቀስን አልከለከለም፤ ኢየሱስም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የከለከለው ሐዘን ሥጋን እንዲቆርጥ ነው።

ይሁን እንጂ ከፊቱ ያለው ቁጥር 27 የጺምን ጠርዝ ማበላሸት ይከለክላል። ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው የሚመጡ ሽማግሌዎቻችንን በዚያ ቁጥር የገሠጸ ሰው እስካሁን አላየንም። ስለዚህ 28ን ብቻ መዝዞ ወጣት መምቻ ማድረግ ለቃሉ ታማኝ መሆን አይመስለንም። የግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖችም ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ፤ በዚያ ምልክት እምነታቸውን ሸሽገው መኖር አይችሉም። እነሱን ከሃዲ የሚል አፍ የለንም።

“ይሄ ቀለም ምን እንዲያደርግልሽ ነው የፈለግሽው?” አልናት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ “ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው። እንዳልረሳት ፈርቼ ነው” አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሕግ መናገር ተውን። ኢሳይያስ 49ን ከፈትን። ጽዮን ጌታዬ ረሳኝ ስትል፣ እግዚአብሔር የሚመልስላት የምታጠባ እናት እንኳ ልጇን ልትረሳ እንደምትችል፣ እሱ ግን እንደማይረሳት፣ በእጁ መዳፍ ላይም እንደ ቀረጻት በመንገር ነው። እኛ ብንረሳ፣ ድምፅ ቢጠፋብን፣ እሱ ጋ የተጻፈው አይደበዝዝም። እናቷ ጌታን አምነው ነው ያረፉት። እህታችን አለቀሰች፤ እኛም አብረናት።

ምክራችን እንድትቆይ ነው። መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ እንደሚችል፣ በሌዘር ማስጠፋት ደግሞ ብዙ ምልልስና ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ነግረናታል። ብትነቀስስ? ያው እህታችን ናት፤ በመዘምራኑ መካከል ያላት ቦታም አይነካም። በዚህ በመጨረሻው የማይስማሙ ሽማግሌዎች አሉን፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።

እሷም አልወሰነችም። የፊታችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረናል። የእናቷን ፎቶዎች ይዛ መጥታ ታሪካቸውን ከልጅነታቸው ጀምራ ትነግረናለች።