ከ«ሰብር አድርጊ» በፊት



ይህን የምንጽፍላችሁ በአንድ ዶርም የምንኖር ስድስት ልጆች ነን። ሐኪሞች አይደለንም፤ ከመካከላችን የጤና ተማሪ እንኳ የለም። የምናካፍላችሁ ባለፈው ሴሚስተር ስለ ራስ ምታት ያየነውን፣ የተሳሳትነውንና በኋላ የተማርነውን ነው። የጅማዋ እህታችን ታሪኳን እንድንጽፍ ስትፈቅድልን አንድ ነገር ብቻ ጠይቃናለች፦ «የኔን ስህተት ብቻ አትጻፉ፤ የእናንተንም ጻፉት።» ቃላችንን እንጠብቃለን።

ነገሩ የጀመረው በሚድ ሰሞን ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ የጀመርነውን ንባብ እኩለ ሌሊት ላይም አንጨርሰውም። ጠረጴዛ ስለማይበቃን አልጋ ላይ ተጣጥፈን፣ ሀንድአውቱን ጭናችን ላይ አድርገን፣ አንገታችንን ደፍተን ነው የምናነበው። ሲደክመን ደግሞ «ትንሽ እንረፍ» እንልና ያንኑ አንገት ስልክ ላይ እንደፋዋለን። ከዒሻ በኋላ ግማሻችን ግንባራችንን ይዘን እንቀመጥ ነበር። ሕመሙ እንደ ጠባብ ሻሽ ነው፤ ከግንባር እስከ ማጅራት ዙሪያውን አጥብቆ ይይዛል።

መፍትሔ ያመጣችው የደሴዋ ልጅ ናት። አያቷ በሰፈራቸው የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያሹ እያየች አድጋለች። አንዳችንን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ከታችኛው አልጋ ጫፍ ላይ ሆና፣ በጥቁር አዝሙድ ዘይት ትከሻና ማጅራት ማሸት ጀመረች። ጣቷ ትከሻ ላይ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። «ይኸው፣ ቋጠሮው እዚህ ነው» ትላለች። እዚያ ላይ ስትጫን ሕመሙ ትከሻ ላይ አይቀርም፤ ወደ ጆሮ ጀርባ ወጥቶ እስከ ግንባር ይሰማል። ቀስ ብላ ይዛው ስትቆይ ደግሞ እየላላ ይሄዳል።

ይህ ለምን እንደሚሆን በኋላ አንብበናል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንገታችንን ደፍተን ስንቀመጥ ያን ክብደት ወደፊት እንዳይወድቅ ይዘው የሚቆዩት የማጅራትና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው። ለሰዓታት ሳያርፉ ሲቆዩ ይጠነክራሉ፤ ሲነኩም ያማሉ። ከላይኛው አንገት የሚመጡት ነርቮችና ከፊትና ከግንባር የሚመጣው ነርቭ ደግሞ መልእክታቸውን የሚያደርሱት አንጎል ግንድ አካባቢ ወዳለ አንድ የጋራ ቦታ ነው። ስለዚህ የአንገት ሕመም ግንባር ላይ ሊሰማ ይችላል። የደሴዋ ልጅ ይህን ሁሉ ባታነብም ጣቷ ያውቀው ነበር።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ነገሩ ልማድ ሆነ። ከዒሻ በኋላ ተራ ይዘን ለአንዷ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እንታሻለን። ለአራታችን በጣም ጠቀመን። የቀለለን ስለመሰለን ሁሉንም ራስ ምታት ያወቅነው መሰለን። ስህተታችንም የጀመረው ከዚህ ነው።

የጅማዋ እህታችን ለመታሸት አትወርድም ነበር። ከላይኛው አልጋ ላይ ሻርፗን ዐይኗ ላይ ጥላ ትተኛለች። «መብራቱን አጥፉልኝ» ትለናለች። እኛ ግን ፈተና አለብን። «ሁላችንንም እኮ አሞናል፤ ሰብር አድርጊ» እንላታለን። ይህን ያለችው አንዷ ብቻ ብትሆን ስሟን በጠራን ነበር፤ ግን ሁላችንም ብለነዋል፤ አንዳንዶቻችን ደጋግመን። አባባላችን ደግሞ ዲን ስለሚመስል መልስ አልነበራትም። ዝም አለች።

አንድ ሌሊት ሕመሙ ባሰባት። «ዛሬስ እምቢ አይባልም» ብለን አውርደን ሁለት ሆነን አሸናት። ቶሎ እንዲለቃት ብለን አጥብቀን ተጫንን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አስመለሳት። ከዚያ በኋላ የሐሳቡ ብዛት! አንዷ «ዐይን ነው» አለች፤ ተሰብስበን ቀራንላት። ሌላዋ «ዋግምት ይሻላታል» አለች። ሦስተኛዋ ከተማ ውስጥ አንገት ጠምዝዞ «ቀጭ» የሚያደርግ ሰው እንዳለ ሰምታ በነጋታው ልትወስዳት ተነሳች። ይህን የከለከለችው የደሴዋ ልጅ ናት። «አያቴ ስብራት ያቃናሉ፤ የሰው አንገት ግን ጠምዝዘው አያውቁም። አንገት ብሎን አይደለም» አለች። አልሐምዱሊላህ ሰማናት። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰውን የደም ስር ሊቀድድ እንደሚችልና ይህም ለስትሮክ ሊዳርግ እንደሚችል ያወቅነው በኋላ ነው።

እውነቱ የወጣው በሌላ መንገድ ነው። በነጋታው አንዳችን ለእሷ ማስታገሻ ልትገዛ ስትወጣ ሌላዋ «እኔም እኮ ትናንት ገዝቼላታለሁ» አለች። ሦስተኛዋም «እኔ ሰኞ ዕለት» አለች። ለካስ እያንዳንዳችን በየተራ ስንገዛላት ኖረናል! እያንዳንዳችንም የምትልከው እኛን ብቻ ይመስለን ነበር። ተቀምጠን ስንቆጥረው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ሳትወስድ ያለፈችበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ነገሩም ከአራት ወር በላይ ሆኖታል። ስንጠይቃት አለቀሰች። «ሰብር አድርጊ ስትሉኝ ድጋሚ አሞኛል ማለት አፈርኩ» አለችን። በቦርሳዋ ውስጥ የዊዝድሮው ቅጽ ሞልታ አስቀምጣ ነበር።

በዚያው ቀን ሁለታችን ይዘናት ክሊኒክ ሄድን። ጤና መኮንኑ ረጅም ጊዜ ወስዶ ጠየቃት። ሕመሙ በአንድ በኩል ነው ወይስ በሁለቱም? ይመታል ወይስ ይጨምቃል? ደረጃ ስትወጪ ይብስብሻል? ያስመልስሻል? ብርሃንና ድምፅ ያስጠላሻል? ስንት ሰዓት ይቆያል? እኛ በአራት ወር ውስጥ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላካት። የእሷ ማይግሬን ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ ማስታገሻው ራሱ ያመጣው ራስ ምታት ተደርቦበታል። እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎችን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያስከትልበት እንደሚችል የነገሩን ያኔ ነው።

እኛን ይዞን የነበረው የውጥረት ራስ ምታት ሁለቱንም የራስ ወገን ይጨምቃል እንጂ እንደ ልብ ትርታ አይመታም፤ ብዙውን ጊዜም ከሥራ አያግድም። ማይግሬን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይመታል፤ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ እንቅስቃሴ ያብሰዋል፤ ያቅለሸልሻል። በዐረብኛ «ሸቂቃ» የሚባለው ይኸው ግማሽ ራስን የሚይዘው ሕመም ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኢሕራም ላይ ሳሉ በሸቂቃ ምክንያት ራሳቸው ላይ ሒጃማ እንዳስደረጉ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ይህን ስናነብ አፈርን። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና የፈለጉለትን ሕመም እኛ በ«ሰብር አድርጊ» ልናልፈው ነበር። የቀራንላት ቁርኣን ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ ቀርተን መቀመጣችን ነው። ሰበቡን ማድረስም የኛ ድርሻ ነበር።

ታዲያ ማሸቱ ከንቱ ነበር? አይደለም። ኢብን ሲና ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በጻፉት «አል-ቃኑን» ውስጥ ማሸትን ጠንካራ፣ ለስላሳና መካከለኛ እያሉ ለይተውታል፤ ሁሉም ለሁሉም እንደማይሆን ያውቁ ነበር ማለት ነው። በእኛ ዘመንም በኒውዚላንድ 47 የማይግሬን ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በየሳምንቱ የታሹት ሰዎች ካልታሹት ይልቅ ሕመሙ የመጣባቸው ጊዜ እንደቀነሰና እንቅልፋቸውም እንደተሻሻለ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ «ማሸት ማይግሬን ያድናል» አያሰኝም። ግን ከሐኪም ምክር ጎን ለጎን ረዳት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

አሁን በክፍላችን የምናደርገው እንዲህ ነው። የምትታሸዋ ጀርባዋን ደግፋ ትቀመጣለች። ከትከሻ እንጀምራለን፤ በመዳፍ እናሞቀዋለን። ቀጥለን ቋጠሮውን በአውራ ጣት ይዘን፣ እሷ በረጅሙ ስትተነፍስ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንቆያለን። ከዚያ የራስ ቅል ከማጅራት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በመጨረሻም መንጋጋንና በዐይንና በጆሮ መካከል ያለውን ቦታ በጣት ጫፍ እናዞራለን። ከአሥር ቢሰጠው አምስት የሚደርስ፣ ደስ የሚል ሕመም ይበቃል። ትንፋሽ የሚያስይዝ ከሆነ በዝቷል። የጉሮሮን ጎንና ጎን፣ የደም ስር የሚመታበትን ቦታ አንነካም። አንገት አንጠመዝዝም። ማይግሬኑ በተነሳ ሰዓት ደግሞ ካልጠየቀችን በቀር አንነካትም፤ መብራት አጥፍተን፣ ውኃ አስቀምጠንላት፣ ድምፃችንን ቀንሰን እንወጣለን። የጅማዋ እህታችንን የምናሻት ሕመሙ በሌለባቸው ቀናት፣ ቀለል አድርገን ነው።

ማሸት ጨርሶ የማይታሰብበት ጊዜም አለ። በድንገት የመጣና እንደዚያ ያለ አሞ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከማጅራት መገተር ጋር፣ እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ አንደበት መተሳሰር፣ የዐይን መጋረድ፣ ወይም ከመውደቅና ከመመታት በኋላ የመጣ ሕመም ካለ ዘይት ፍለጋ አይኬድም፤ ሰዓቱ ሌሊት ቢሆንም ወደ ሐኪም ነው።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ። በቀን ሦስት ሲኒ ቡና የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። ከረመዳን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውኃ ከፋፍሎ መጠጣት፣ ሱሑርን አለመተው ይረዳል። በፆም ሕመሙ የሚብስባት ማይግሬን ያለባት እህት ደግሞ ከረመዳን በፊት ሐኪሟንም ዓሊምንም ትጠይቅ፤ ለታመመ ሰው አላህ (ሱ.ወ) ሩኽሷ ሰጥቷል።

እህታችን ማስታገሻውን በሐኪም ክትትል ስታቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ። ያኔ ተራ ይዘን አጠገቧ አደርን። በትንሽ ደብተር ሕመሙ የመጣበትን ቀን፣ የበላችውንና የተኛችበትን ሰዓት እየጻፈች ለሐኪሟ ታሳያለች። ዛሬ ሕመሙ በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመጣባታል፤ ፈጽሞ አልለቀቃትም። አንድ ኮርስ ለቃ ሌሎቹን ጨርሳለች። የዊዝድሮው ቅጹን ራሷ ቀደደችው፤ አልሐምዱሊላህ።

ሰብር ትልቅ ነገር ነው። ግን የታመመው ሰው ለአላህ ብሎ የሚያደርገው ነው እንጂ ጤነኛው መብራቱን ላለማጥፋት የሚጠቀምበት ቃል አይደለም። በዶርማችሁ ሻርፕ ዐይኗ ላይ ጥላ የምትተኛ እህት፣ ወይም ጋቢ ተከናንቦ የሚውል ወንድም ካለ፣ ከ«ሰብር አድርጊ» በፊት «የት ነው የሚያምሽ? ከመቼ ጀምሮ? ምን እየወሰድሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ለመጠየቅ አራት ወር ፈጅቶብናል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።