መፈናጠጥ



ቀደም ባለው ዘመን በገጠሩ አገራችን ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በበቅሎ ነበር። ሚዜው አፈናጥጦ ይወስዳታል፤ ልጓሙ በእርሱ እጅ ነው፤ እርሷ ፊቷን ተሸፍና መንገዱን ሳታይ ትደርሳለች። በከተማ ያደጉ ልጆቻችን «መፈናጠጥ» የሚለውን ቃል እየረሱት ነው። ልጓም የያዘ ሰው ባለበት ኮርቻ ላይ ተደርቦ መቀመጥ ማለት ነው። ዛሬ ይህን ቃል ያነሣሁት በአርድ ኤል ሊዋ የሚኖሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ባልና ሚስት ሞተር ሳይክል መንዳት በጀመሩ ጊዜ የሰጠኋቸው ምክር ከዚህ ቃል የመነጨ ስለ ነበረ ነው። ምክሩ ስሕተት ነበር። ታሪኩን እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

አርድ ኤል ሊዋን ለማታውቁ፦ ሰፈሩ በጊዛ በኩል የሚገኝ ሲሆን፣ ከሞሃንዲሲን የሚለየው የባቡር ሐዲድና የሱዳን ጎዳና ነው። ስሙ «የጄኔራሉ መሬት» እንደ ማለት ነው። ትናንት እርሻ በነበረው ቦታ ላይ ቀይ የጡብ ፎቆች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው በሚያልፉት ጠባብ መንገዶች አማርኛና ትግርኛ ከዐረብኛው ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል። በሰፈሩ ውስጥ የሚያጓጉዘው ቱክቱክ ነው፤ እኛ በአገር ቤት ባጃጅ የምንለው ባለ ሦስት እግሩ። ቱክቱክ ግን ወደ ዋና ዋና ጎዳናዎች መውጣት አይፈቀድለትም። ከሐዲዱ ማዶ ጉዳይ ያለው ሰው ወርዶ ሌላ መጓጓዣ ይፈልጋል።

እኅታችን እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ደንበኞቿ በሰፈሩ ብቻ ሳይሆኑ በማዲና በናስር ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ናቸው። ለብዙ ዓመታት እንጀራውን በትልቅ ባልዲ ተሸክማ በማይክሮባስ ታደርስ ነበር፤ በተጨናነቀ ማይክሮባስ ውስጥ እንጀራ ምን እንደሚሆን ለእናቶች ማስረዳት አያስፈልገኝም። ወንድማችን ደግሞ በአንድ ድርጅት የሌሊት ዘበኛ ነው። እርሱ ሲገባ እርሷ ትወጣለች። ልጆቻቸው አድገው ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ አብረው ምሳ ይበላሉ፤ ቀሪዎቹን ቀኖች ግን፣ እርሷ እንዳለችኝ፣ የሚተዋወቁት በድስት ክዳን ነው፤ አንዱ ለሌላው ከድኖ በሚያስቀምጠው ምግብ ማለቷ ነው።

ሞተር ሳይክል የመግዛቱ ሐሳብ የእርሷ ነበር። ጠዋት እርሱ ከሥራ ሲወጣ ይገናኙና እንጀራውን አብረው ያደርሳሉ፤ ከዚያ እርሱ ገብቶ ይተኛል። ኢቃማቸው የታደሰ ስለ ነበረ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላሉ፤ ይህን ያህል ዕድል የሌላቸው ስንት ወገኖቻችን እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ። አገልግሎት ላይ የነበረ ቦክሰር ሞተር ገዙ። የዚያው የሕንዱ የባጃጅ ኩባንያ ሥራ ነው። በስልክ ለዘመዶቻቸው «ባጃጅ ገዛን» ሲሉ ሁሉም ባለ ሦስት እግሩ መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ እንዳላቸው እየሳቁ ነግረውኛል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ዓርብ ማለዳ፣ ካይሮ ገና ሳትነቃ ነበር። መምህራቸው ምግብ በማድረስ የሚተዳደር የሰፈሩ ወጣት ነው። እርሷ ቶሎ ገባት። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኝና የሚለይ ነገር ነው፤ እጀታው ቀስ እየተባለ ሲለቀቅ ኃይሉ ጎማውን «የሚይዝበት» አንዲት ቦታ አለች፤ ያቺን ቦታ የሚያገኛት እጅ እንጂ ዓይን አይደለም። ሠላሳ ዓመት የምጣድ ሙቀት በእጇ የለካች ሴት በሁለተኛው ሳምንት አገኘቻት። እርሱ ግን ድንገት ይለቀዋል፤ ሞተሩ ይዘልና ይጠፋል። ቢሆንም ሁለቱም ፈተናውን አልፈው ፈቃድ አወጡ።

ከዚህ በኋላ ነው ወንድማችን ወደ እኔ የመጣው። «አባ፣ እርሷ ትንዳ፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥ እያሉ መምህሩም እርሷም አስቸገሩኝ። ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። ጭንቀቱ ባዶ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የወጣው የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ ከገደበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በሞተር እየመጡ የሚነጥቁ ሌቦች መብዛታቸው ነበር። ስለዚህ ሞተር በእርሱ ዓይን የጎረምሳና የነጣቂ ዕቃ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ከሚስቱ ጀርባ ተጣብቆ በዚያ ሁሉ ቡና ቤት ፊት ማለፍ አለበት።

እኔም ብዙ ሳላስብ መለስኩለት። ወጣት ካህን ሳለሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ከአንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው የምሄደው በያማሃ ኤጂ 100 ነበር፤ ለእርሻ ሥራ የተሠራች፣ ጭቃ የማትፈራ ሞተር። ብዙ ዓመት ነድቻለሁና አዋቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሁለቱንም አስጠራሁና «ልጄ፣ እርሱ ይንዳ፣ አንቺ ተፈናጠጪ፤ ለቤታችሁ ሰላም የሚበጀው ይኸው ነው» አልኳት። እርሷ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። በሃያ ዓመት ተኩል የክህነት ሕይወቴ የሴቶችን ዝምታ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደ ተረጐምኩት ከዚያ ወዲህ አስቤበታለሁ።

ለሁለት ወር ያህል እርሱ ነዳ። በአንድ የክረምት ጠዋት፣ ካይሮን አልፎ አልፎ የሚጎበኛት ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ አድሮ፣ ወደ ሞሃንዲሲን ለመውጣት ወደ ባቡር ማቋረጫው ደረሱ። ሐዲድ ለሞተር ሳይክል ክፉ ነው፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጎማው ብረቱን ቀጥ ብሎ ካቋረጠው ምንም አይሆንም፤ በሰያፍ ከነካው ግን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፍጥነት ቀንሶ፣ ሐዲዱ ላይ ፍሬን ሳይነኩ፣ ቀጥ ብሎ መሻገር ነው። ከጎኑ አንድ ማይክሮባስ ተጠጋውና ወንድማችን ለመሸሽ መሪውን ጠመዘዘ፤ በዚያው ቅጽበት ፍሬን ያዘ። ወደቁ። እርሱ የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ እርሷ ክርኗና ጉልበቷ ተላጠ። እንጀራው በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተበተነ። የሰፈሩ ልጆች፣ አመስግኑልኝ፣ ከማይክሮባሱ በፊት ደርሰው ሞተሩን ከሐዲዱ ላይ አነሡት።

ሁለቱም የራስ ቁር አድርገው ነበር፤ የእርሱ ቁር ጎኑ ተሰንጥቋል። ስለዚህ ነገር አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። «የዐረቡ ሎረንስ» የሚባለው እንግሊዛዊ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚሁ ካይሮ ያገለገለው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በ46 ዓመቱ የሞተው ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱን በመመታቱ ነው። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬይርንስ ነበር። ሞቱ አልወጣለትም፤ የሠራዊቱን ሞተረኞች አደጋ እያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 የራስ ቁር ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። በሰፈራችን ቁሩን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው የምትነዱ ልጆች፣ ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። እርሱ ክንዱ ታስሮ ተኝቷል። እርሷ ቡና አቀረበችና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አባ፣ ሐዲዱን ቀጥ ብለህ ተሻገር ብዬው ነበር። ከኋላ ሆኜ ሁሉ ይታየኝ ነበር፤ እጄ ግን ባዶ ነው» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋት። ወንድማችን ከአልጋው ላይ ሆኖ «እኔም ነኝ ጥፋተኛው፣ አባ፤ እኔ የፈለግሁትን ነው ያሉልኝ» አለ። ይህ ንግግሩ ከእርሷ ንግግር ይልቅ ቆረቆረኝ። ምክር ሊጠይቀኝ መጥቶ ፍርሃቱን በማዕርጌ አትሜ መልሼ ሰጠሁት ማለት ነው።

አጥንቱ እስኪጠገን ድረስ የምትነዳው እርሷ ሆነች፤ ለሐኪም ቤቱ ቀጠሮም እርሷው ናት የምታደርሰው። ከኋላ መቀመጥን ያን ጊዜ ተማረ። ይህ ነገር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሞተር ፍጥነት ሲይዝ የሚታጠፈው በማዘንበል ነው፤ ወደ ቀኝ የሚዞር ነጂ የመሪውን ቀኝ እጀታ በስሱ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሞተሩም ወደ ቀኝ ያጋድላል። ከኋላ ያለው ሰው ደንግጦ ወደ ግራ ካዘነበለ፣ በገዛ ክብደቱ ነጂውን ይታገለዋል ማለት ነው። የሚሻለው በነጂው ቀኝ ትከሻ በላይ ወደ መታጠፊያው መመልከት ነው፤ ሰውነት ዓይንን ተከትሎ በልኩ ያዘነብላል። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ የጎማውም ነፋስ በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ወንድማችን ይህን ሁሉ ከእርሷ ትከሻ በላይ እያየ አጠናው። ፍሪሲዮኑን እንዴት እንደምትለቅ ክርኗን በማየት እንደ ገባው ነግሮኛል፤ መምህሩ በስንት ጩኸት ያላስረዳውን።

የቡና ቤቱ ሰዎችስ? የመጀመሪያው ሳምንት ሳቁ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። በካይሮ ስኩተር የሚነዱ ሴቶች እየታዩ የመጡበት ጊዜ ነው።

አውስትራሊያውያኑ ፒተርና ኬይ ፎርውድ የሚባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ ሃርሊ ዴቪድሰን ጀምረው በብዙ ዓመታት ውስጥ ከ190 በላይ አገሮችን እንደ ዞሩ አንድ ጊዜ ለእኅታችን ነገርኳት። እርሱ እየነዳ፣ እርሷ ከኋላ ተቀምጣ። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ በሐዲዱ ላይ ማን ይነዳ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አሁን ተራ አላቸው። ሲሄዱ እርሷ ትነዳለች፣ እንጀራው አልቆ ሲመለሱ እርሱ። ትከሻው በብርድ ጊዜ ያመዋል፤ የአምሳ ዓመት አጥንት የሃያ ዓመት አጥንት አይደለም። ጠዋት ጠዋት በየሰዉ ደጅ ቆመው ሲጨቃጨቁ የሚሰሟቸው ደንበኞቻቸው አሉ፤ ጭቅጭቁ ስለ ማርሽ ነው። ከድስት ክዳን ይሻላል።

ባለፈው ወር አንድ ታማሚ በቶሎ ማየት ነበረብኝና ወንድማችን «አባ፣ ላድርስዎት» አለኝ። ሁለተኛውን ቁር ከእኅታችን ተቀበልኩ። በዕድሜዬ ሙሉ ሞተር ላይ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም። በደቡብ ሳለሁ ከኋላዬ የማስቀምጠውን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር «አትወዛወዝ!» እያልኩ ስቆጣው እንደ ኖርኩ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወደ ተቃራኒው አጋደልኩ። ወደ ሐዲዱ ስንቃረብ ቀኝ እግሬ በሌለበት ቦታ ፍሬን ፍለጋ ጀመረ፤ የእግር ማሳረፊያውን በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት፣ ጉልበቴም ጎኑን ወጋው። እርሱ ፍጥነት ቀነሰ፣ ሞተሩን ከሐዲዱ ጋር ቀጥ አድርጎ አስተካከለና ራሱን ወደ ኋላ ሳያዞር፦

«አባ፣ ምን እየረገጡ ነው?» አለኝ።