ዓይነ ስውሩ ሙአዚንና የመስጂዳችን ደጃፍ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥ በረመዷን ሁለት አዛን ይሰማ ነበር። የመጀመሪያውን ቢላል (ረ.ዐ) ገና በሌሊት ያሰማል፤ ሰዎች ስሑራቸውን የሚያቆሙት ግን ሁለተኛው ሲሰማ ነው። የሁለተኛው አዛን ባለቤት ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ነበር። ሱረቱ ዐበሳ የወረደችው በእርሱ ምክንያት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዓይነ ስውር ነው።

ጎህ መቅደዱን የማያይ ሰው እንዴት ለከተማው ጎህ መቅደዱን ያውጃል? መልሱ ቡኻሪ ዘንድ አለ፦ ሰዎች መንጋቱን ሲነግሩት ይጣራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አያይምና ሥራው ለሌላ ይሰጥ አልተባለም። የጎደለችውን አንዲት ነገር ጀማዓው ሞላለት፤ ሥራው ግን የእርሱ ሆኖ ቀጠለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡ መዲና ላይ ተክተውት የሄዱበት ጊዜም አለ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕዝበ ሙስሊሙ በሶደቃ አይታማም። ጁሙዓ ከመስጂድ በር ላይ ለተቀመጠ አካል ጉዳተኛ እጁን የማይዘረጋ ጥቂት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከበሩ አልፎ ሶፍ ውስጥ መግባት ይችላል ወይ?

በዊልቸር የሚሄድ ወጣት ደረጃ ያለው መስጂድ ሲደርስ ጓደኞቹ ተሸክመው ያስገቡታል። አጅር አላቸው ኢንሻአላህ። ነገር ግን በቀን አምስት ጊዜ "ተሸከሙኝ" ማለት ለማን ይቀላል? መጀመሪያ ሱብሒ ይቀርበታል፣ ከዚያ ዒሻእ፣ በኋላም ጁሙዓ። ኢማኑ ደከመ ይባላል። የከለከለው ግን ደረጃው ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከሲሚንቶ የተሠራ ተዳፋት መግቢያ ይበቃል። ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ለይስሙላ ነው፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ይኑረው። ጎማው ምንጣፍ ያቆሽሻል ከተባለ በር ላይ እርጥብ ጨርቅ ይቀመጥና ይወልወል። ዉዱእ ቦታ አንድ ቧንቧ ዊልቸር እንዲያስጠጋ ይደረግ። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ከሚንበሩ አጠገብ ይቁም፤ ካልተገኘ የኹጥባው ፍሬ ነገር በቴሌግራም ተጽፎ ይድረሳቸው። ዓይነ ስውር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ልጁን ከመድረሳ አታስቀሩት። ቁርኣን ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈ ኪታብ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የብሬይል ሙስሐፍ አለ።

ሱቅና ድርጅት ያላችሁም አስቡበት። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ አካል ጉዳተኛው ከሌሎች ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው፣ ለሥራው የሚያስፈልገውም እንዲመቻችለት ያዛል። "ነጋ" ብሎ ለሙአዚኑ መንገር እኮ ያው ማመቻቸት ነው።

ወጣቶች! በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ ካለ አንድ አካል ጉዳተኛ ወንድም ወይም እህት ጋር ተቀመጡ። "ምን እንስጥህ?" ሳይሆን "ምን አገደህ? የትኛውን ሥራ ትይዝልናለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ አድርሱ።

አላህ መስጂዶቻችንን ለሁሉም ባሮቹ የተከፈቱ ያድርግልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ