ዳታውን ያለ ጥፋቱ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ጨጓራህ በምን ዳነ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ጊፋታ ላይ ሶዶ እናቴ ቤት ተሰብስበናል። ቁርጡ ቀርቧል፣ ዳታው ግን የለም። ወላይታ ቤት፣ ያውም በጊፋታ፣ ሥጋ ያለ ዳታ! ብጠይቃት «ሆድህን ያቃጠለው የኔ እጅ ነው፤ ሁለተኛ አልፈጭም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ግን ዝም አልኩ፤ እኔም የማስበው እንደዛው ነበራ።

ለዓመታት ያልተውኩት ነገር የለም። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ተውኩ፣ ሽሮ ሳይቀር ተውኩ። ጠዋት ተልባ፣ ማታ ወተት። ወተቱ ለጊዜው ያበርድና ሌሊት ይብስብኛል። ለወገቤ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፤ እሱን ማንም አልጠረጠረውም። ኪሎዬ ቀነሰ። አንድ ጠዋት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አየሁ። ያኔ ነው ደንግጬ ሐኪም ቤት የሮጥኩት።

የጨጓራ ቁስለት ነበር፤ እየደማ። ምርመራው ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኘ። እንግዲህ አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ባክቴሪያ ጠጥቶ ራሱን ያሳመመው ሰው እንዲያምነው ብሎ ነው። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። እኛ ግን እስከ ዛሬ ቃሪያ እንከሳለን።

ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ለ14 ቀን ወሰድኩ፣ ዳይክሎፌናኩን ጣልኩ። መድኃኒቱን ከጨረስኩ ከወር በላይ ቆይቼ ባክቴሪያው መጥፋቱን በምርመራ አረጋገጥኩ።

ታዲያ ምግብ ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ቁስሉ እስኪሽር ያሳረፈኝ የቡላ ገንፎና የተቀቀለ ቦይና ነው። በባዶ ሆድ ቡና ጠጥቶ ክፍል መግባት ቀረ፤ ማታም በልቼ ወዲያው አልተኛም። ዳታ የቆሰለን ሆድ ያቃጥላል፣ ቁስሉን ግን እሱ አያመጣውም። ልዩነቷን ሳላውቅ ነው ደም እስኪፈሰኝ የቆየሁት።

ስለዚህ ሕመሙ ከሰነበተባችሁ ተመርመሩ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ምክንያት የሌለው ክሳት ካያችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉ።

በቀጣዩ ጊፋታ ለእናቴ «ያንቺ እጅ አይደለም» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ቃሪያና ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ወፍጮው ድንጋይ ሄደች። «ግን ትንሽ ነው የማቀርብልህ» አለች። ትንሽ በላሁ።