አማካይ የሸፈነው ስብራት

ያገራችን ሰው ላዩ አምሮ የሚታይ ነገር ሲያጠራጥረው ‹‹ውስጡን ለቄስ›› ይላል። ከመንገድ በታች ተቀብሮ የከተማውን ፍሳሽ የሚያሳልፈው ቧንቧ ግን ገበናውን የሚነግረው የንስሐ አባት የለውምና፥ ውስጡን መርምሮ ማወቅ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተተወ ነው። እኛም ከነዚሁ ወገን ነን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመንኰራኵር የሚሄድ ካሜራ ከአንዱ ማንሆል ገብቶ እስከሚቀጥለው ማንሆል ድረስ የቧንቧውን ውስጥ ያሳያል፤ መርማሪውም ስንጥቁን፥ ስብራቱን፥ የተዛነፈውን መጋጠሚያና ሰርስሮ የገባውን የዛፍ ሥር ከነርቀቱ ይመዘግባል። መዝገቡን ተቀብሎ የቧንቧውን ነጥብ ማስላት የእኛ ፈንታ ነው። ለዚህ ሥራ እንግሊዞች በ1980 እ.ኤ.አ. መመሪያ አሳትመው ነበር፤ አሜሪካኖችም በ2000ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን አወጡ። እኛ የምንከተለው የኋለኛውን ሲሆን፥ በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ጉዳት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ቀላሉ፥ 5 እጅግ የከፋው ነው። ደረጃዎቹ ተደምረው ለጉዳቶቹ ቍጥር ሲካፈሉ አማካዩ ይገኛል።

አንድ ዓመት በበጋ የሁለት ቧንቧዎች መዝገብ ቀረበልን። በመጀመሪያው ላይ ዘጠኝ ባለ 1 ደረጃ ስንጥቆችና አፈሩ በቀዳዳው የሚታይ አንድ ባለ 5 ደረጃ ስብራት ነበሩበት፤ ድምሩ 14፥ ለ10 ሲካፈል 1.4። በሁለተኛው ላይ ሦስት ባለ 3 ደረጃ ጉዳቶች ነበሩ፤ ድምሩ 9፥ ለ3 ሲካፈል 3። እኛም ሒሳቡን ሁለት ጊዜ አረጋግጠን፥ ሁለተኛው ቶሎ ይጠገን፥ የመጀመሪያው ይቈይ ብለን ፈረምን። በሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም።

ሐምሌ ሲገባ ያ ‹‹ይቈይ›› ያልነው ቧንቧ ተደረመሰ። መንገዱ ሰመጠ፤ ፍሳሹም ወደ ኋላ ተመልሶ የአንዲት አሮጊት ግቢ ሞላ። ከጠጋኞቹ ጋራ በሄድን ጊዜ እኒያ እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፥

‹‹ልጆቼ፥ ይህን ነገር አስቀድማችሁ አላያችሁትም ነበርን?›› አሉን።

‹‹አይተነው ነበር፥ እማማ›› አልን።

‹‹ካያችሁትማ ስለ ምን ተዋችሁት?››

ስለ አማካይ ልንነግራቸው አፋችንን ከከፈትን በኋላ አፍረን ዝም አልን።

ወደ ቢሮ ተመልሰን መዝገቡን እንደ ገና ስንመረምረው፥ እነዚያ ዘጠኝ ትንንሽ ስንጥቆች ባይኖሩ ኖሮ የቧንቧው አማካይ 5 በሆነ ነበር። እንግዲህ ቧንቧው ትንንሽ ስንጥቅ በተጨመረበት ቍጥር በወረቀታችን ላይ ጤነኛ እየመሰለ ሄዶ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱም በዚያው መመሪያ ውስጥ ነበረ፤ ይኸውም ባለ አራት አኃዝ አጭር ነጥብ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ከፍተኛውን ደረጃ፥ ሁለተኛው ስንት ጊዜ እንደ ተገኘ፥ ሦስተኛው ቀጥሎ ያለውን ደረጃ፥ አራተኛው የዚህኑ ብዛት ያመለክታል። በዚህ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቧንቧ 5119፥ ሁለተኛው 3300 ነው። ይህ ቍጥር ከገጹ ዳር ተጽፎ ሳለ ሳናነበው ያለፍነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛችን ላይ በሚያልፍ ወረቀት ሁሉ አስቀድሞ የከፋው ደረጃ፥ ቀጥሎም ስብራቱ በማን ደጅ እንደ ሆነ ይጻፍበታል፤ አማካዩ በስተመጨረሻ ይመጣል። አማካይ ስለ ብዙ ቧንቧዎች፥ ስለ አንድ ሠፈርና ስለ በጀት ለማሰብ ይጠቅማል፤ በአንድ ቦታ የተሰበረውን ግን ይሸፍናል። መምህሩም የተማሪውን አማካይ ውጤት ሲያይ፥ ሹሙም ከየወረዳው የመጣለትን ሪፖርት ሲደምር ይህን ቢያስብ መልካም ነው። እኛ በበኩላችን ማናቸውንም ወረቀት ከመፈረማችን በፊት የእኒያን እናት ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቃለን፤ ካየነው ስለ ምን እንተወዋለን?