ሻንጣው ተመዝኗል፤ ልጁስ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ ይዞ የሚበር ቤተሰብ ቤት በዋዜማው ማታ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ወሬው ሁሉ ኪሎ ነው። በርበሬው ይቀነስ፣ ሽሮው ይግባ፣ ቡናው ወደዚያኛው ይዙር እየተባለ ሻንጣው ሲከፈትና ሲዘጋ ያመሻል። ሚዛኑ 23 ላይ ሲቆም ቤቱ በሙሉ እፎይ ይላል። የአራት ዓመቷ ልጅ ግን ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ እናቷ ያለወትሮዋ ስትቆጣ እያየች አንድ ጥግ ቁጭ ብላለች። የት እንደሚኬድ፣ እንዴት እንደሚኬድ የነገራት የለም። እንደኔ እንደኔ አውሮፕላን ውስጥ የምንሰማው የልጅ ጩኸት የሚጠነሰሰው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው።

ልጆች አውሮፕላኑን እምብዛም አይፈሩም። ቦሌ አካባቢ ያደጉትማ እጃቸውን እያውለበለቡ ሲሸኙት ነው የኖሩት። የሚፈሩት ያልተነገራቸውን ነው። እኛ ደግሞ መንገር ላይ ሰነፎች ነን፤ ማስፈራራት ላይ ግን ማን ብሎን! “ዝም ካላልክ ፖሊሱን እጠራዋለሁ” እያልን ያሳደግነውን ልጅ ወስደን የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፊት እናቆመዋለን። የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ ፊቱን ከፓስፖርቱ ፎቶ ጋር ለማስተያየት “እስቲ ቀና በልልኝ የኔ ጌታ” ስትለው እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል። ምን ያድርግ፣ ሊወስዱት የመጡ መስሎታል! ስለዚህ ከጉዞው በፊት ይህቺን ማስፈራሪያ ጣሏት። ሆስተሷንም በፖሊሱ ቦታ አትተኩ። “አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሴትዮዋ ትቆጣሻለች” የተባለች ልጅ ውሃ ቢጠማት እንኳ ከዚያች ሴትዮ እጅ አትቀበልም።

መንገሩ ብዙ አያደክምም። ወንበር ደርድሩ፣ የልጆቹን ወገብ በነጠላ እሰሩ፣ አንዱ ፓይለት አንዷ ሆስተስ ይሁኑ። ሻንጣው ብቻውን ተንሸራቶ እንደሚሄድ፣ ጃኬትና ጫማ ሊወልቅ እንደሚችል፣ ከተነሡ በኋላ ከሥር “ድው” የሚል ድምፅ ቢሰማ አውሮፕላኑ እግሩን ማጠፉ እንደሆነ በጨዋታው መሀል አስገቡት። አሻንጉሊቷ በማሽን ውስጥ እንደምታልፍም አትርሱ። ለእኛ ፍተሻ ነው፤ ለልጅቷ ግን አቅፋት የምትተኛውን አሻንጉሊት አንድ የማታውቀው ሰው ተቀብሎ ከጥቁር መጋረጃ ጀርባ ሲከታት ነው የምታየው። በወዲያኛው በኩል እንደምትወጣ ቀድሞ የተነገራት ልጅ ሮጣ ሄዳ ትጠብቃታለች። ያልተነገራት ሰልፉን በሙሉ ታስቆማለች።

የአውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤትም የራሱ ጉድ አለው። እንደ ቤታችን ውሃ ለቆ አያጥብም፤ በአየር ኃይል ምጥጥ አድርጎ ነው የሚወስደው፤ ድምፁ አዋቂ ያስደነግጣል። ልጁን መጀመሪያ አስወጡት፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ። አንዴ የደነገጠ ልጅ ሁለተኛ እዚያ በር አይደርስም፤ መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው።

አሁን ጆሮ ላይ እንምጣ፤ የአዲስ አበባ ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ አለ። አውሮፕላኑ ከአሥር ሺህ ሜትር በላይ ቢወጣም ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚያዘው። ቦሌ አየር ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ከቦሌ ስትነሡ የልጁ ጆሮ ከቤቱ ብዙም አልራቀም። ጣጣው ማረፊያው ላይ ነው። ዱባይም፣ ቴል አቪቭም፣ ዋሽንግተንም ለባሕር ወለል ቅርብ ናቸው፤ በግማሽ ሰዓት ግድም ጆሮ ከእንጦጦ ግርጌ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል ማለት ነው። አገር ውስጥም ቢሆን ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች።

የልጅን ጆሮ ከጉሮሮው ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ጠባብና ጋደም ያለ ስለሆነ ግፊቱ ሲለወጥ ቶሎ አይከፈትም። የሚከፍተው መዋጥ ነው። ለጨቅላው ጡት ወይም ጡጦ፣ ከፍ ላለው ውሃ ፉት ፉት ማድረግ ነው መድኃኒቱ። እናቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲነሡ አጥብተው ሲወርዱ “ተኝቷልና አትንኩት” ይላሉ። ከቦሌ ለሚነሣ ሰው ይሄ የተገላቢጦሽ ነው። የተኛ ልጅ ብዙ አይውጥም፤ ካፒቴኑ መውረድ ጀምረናል ሲል ቀስቅሱት፣ ያኔ አጥቡት። ጆሮውን ያመመው ወይም ጉንፋን ክፉኛ የያዘው ልጅ ከበረራው በፊት ሐኪም ይየው።

“ሽሮፕ ስጪው፣ እስኪደርስ ድረስ ይተኛልሻል” የሚሉ ጎረቤቶች አይጠፉም። አትስሟቸው። የሳልና የአለርጂ ሽሮፕ የተሠራው ልጅ ለማስተኛት አይደለም፤ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ እረፍት ነሥቶት ሌሊቱን ሲያንፈራግጠው ያድራል።

ትኬቱን በሚመለከት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እቅፍ ላይ ሆኖ በአነስተኛ ክፍያ ይሄዳል፤ ከሞላው የራሱ ወንበር ይገዛለታል። እዚያ ቆይታችሁ ላይ ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ የመመለሻውን ነገር ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ግድግዳው ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ የሚደርሰው ከፊት ላሉ ጥቂት ወንበሮች ብቻ ስለሆነ እሱንም ያኔውኑ አስመዝግቡ። የሕፃን ወተትና ምግብ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ውጭ ነው፤ ፍተሻው ላይ ለብቻው አውጥታችሁ ማሳየት ብቻ ነው። ቆሎውን ግን ለአዋቂ አቆዩት፤ ለትንሽ ልጅ ያንቃል፣ ያውም ሐኪም ቤት በሌለበት አየር ላይ።

የቀረው ሽኝቱ ነው። የእኛ ሽኝት እንደምታውቁት ከመኪና ማቆሚያው ይጀምርና መግቢያው በር ላይ በለቅሶ ይጠናቀቃል። አያት ያለቅሳሉ፣ አክስት ትከተላለች፣ ልጁም ሁሉም የሚያለቅሱለት ጉዞ ምን ዓይነት ጉዞ ቢሆን ነው ብሎ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብታባብሉት አያምናችሁም። ስለዚህ ለእማማም ለአባባም ከወዲሁ ንገሯቸው፤ ለቅሶ ካለ በዋዜማው ልጆቹ ከተኙ በኋላ እቤት ይውጣላቸው። በሩ ላይ ልጁን ስመው “ስትደርስ አንተ ነህ የምትደውልልኝ” ብለው አደራ ይስጡት። ስልኩንም በእርግጥ እሱ ይደውል።