ወርቁን ለመቆፈር አትቸኩዪ

ቆሰበር፣ መስከረም 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ነገ ወደ ስድስት ኪሎ ትነሻለሽ። ስለ ገንዘቡና ስለ ጓደኛ አመራረጡ እናትሽ መክራሻለች፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ሥነ ጽሑፍ ልትማሪ ነውና የኔ ምክር ስለ ንባብ ነው።

የጎጃም ልጅ ስለሆንሽ አንድ አመል ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኛ ግጥም ስናይ «ወርቁ የት አለ?» ማለት እንወዳለን። የቅኔ ቤቶቻችን ዋሸራና ጎንጅ ያስለመዱን ነው። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ሰሙን የሚሠራው ለወርቁ ስለሆነ አመሉ እዚያ ያዋጣል፤ ዘመናዊ ግጥም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት»ን በ1963 ዓ.ም. ሲያሳትም «ይህ ደግሞ ግጥም ነው?» ያለ ብዙ ነበር። አንዱ ምክንያት የለመዱት ቤት አመታት መፍረሱ ነው፤ ሌላው፣ እንደኔ እንደኔ፣ ወርቅ ፈልገው ማጣታቸው ነው።

ገጣሚው ጭጋግ ካለ መጀመሪያ ብርዱ ይሰማሽ። ዘንገና ላይ ጠዋት ጠዋት የሚተኛውን ጭጋግ ታውቂው የለ? «ጭጋጉ የድንቁርና ምሳሌ ነው» ብለሽ ደብተርሽ ላይ ካሰፈርሽ በኋላ ብርዱ አይመለስም። አዳም ረታን ስታነቢም እንጀራው አስቀድሞ እንጀራ ይሁንልሽ። ነገ መኪናው ማንኩሳን ሲያልፍ ደግሞ ቀና በዪ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው በዛብህን ያስወለዱበት አገር ነው። መንገደኛ የሚያልፍበት፣ ሰው የሚገበያይበት እውነተኛ አገር። የታየው ነገር ሌላ ትርጉም ካለው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ገጽ ላይ ያየሽው ዕቃ መጨረሻ ላይ መልኩን ለውጦ ብቅ ሲል ያኔ ጠይቂ።

ከምስል ይልቅ የሚያስቸግረው ድምፀት ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» በየበዓሉ መድረክ ላይ እንደ ፉከራ ሲያንጎደጉዱት ሰምተሻል። ሰውየው ጀርመን አገር ሥዕል የተማረ፣ ኋላም በስደት አሜሪካ ያረፈ ነው። ግጥሙን ለብቻሽ፣ በዝግታ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። ደረቱን ነፍቶ የሚፎክር ሰው አታገኚም፤ የምትሰሚው ሩቅ ሆኖ የሚናፍቅ ሰው ነው።

ምፀትን ለመማር እንኳ ከቤት መውጣት አያስፈልግሽም ነበር። ሐምሌ ላይ ጋቢው ውሃ እያንጠባጠበ ለሚገባ ሰው አያትሽ «ፀሐዩ በረታብህ እንዴ?» ትል አልነበር? ማንም አይሳሳትም፤ ጋቢው ይታያል፣ የአያትሽ ከንፈርም ይታያል። ወረቀት ላይ ግን ከንፈር የለም። ስለዚህ የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ እርጥቡን ጋቢ አንድ ጥግ ሰቅሎ ዝም ይላል። ተራኪው ስለ ፀሐይ ሲያወራ ጋቢውን ማየት ያንቺ ፋንታ ነው። ባልየው «ሚስቴ እኮ ትወደኛለች» እያለ ገጹን ሙሉ ሲተርክ እሷ አንዲት ቃል ካልመለሰችለት፣ ዝምታዋን እመኚ። ተራኪውንም ከጸሐፊው ለዪው። ሰዎች «ስብሐት እንዲህ አለ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ገጸ ባሕርይ ነው።

ይህን ስልሽ ሁሉ ነገር ሽሙጥ ይምሰልሽ ማለቴ አይደለም። ይሄም በሽታ ነው፤ የተማረ ሰው ላይ ይጠናል! ከልቡ የሚያለቅሰውን «እያሾፈ ነው» ማለት ያሳፍራል። እርጥብ ጋቢ ካላገኘሽ ቃሉን እንዳለ ተቀበዪው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። የመንግሥቱ ለማ «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» እኔና እናትሽን ዛሬም እንዳከራከረን ነው። በዘሩና በማዕረጉ የሚመካው ባሻ አሜሪካ ሲደርስ የሚታየው ጥቁረቱ ብቻ ነው። እኔ ምፀቱ ያረፈው ባሻ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ አገሩ ላይ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያይ የነበረ ሰው እዚያ ተራው ደረሰው። እናትሽ ደግሞ «ሰው ቢዋረድ ምን ያስቃል? የተሳቀው በአሜሪካ ነው» ትላለች። ለሁለታችንም የሚሆን ቃል ከግጥሙ ይወጣል፤ ክርክሩ ያላለቀውም ለዚህ ይመስለኛል። አንብቢውና ቃሉን እየጠቀስሽ ፍርድሽን ጻፊልን። ለኔ እንዳታዳዪ።

ደህና ግቢ።

አባትሽ